ምርመራው «ምንም የለባትም» ይላል፤ እህቴ ግን ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ታነጋለች

ታናሽ ወንድም (አዘዞ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ስለ ታላቅ እህቴ ነው። ዕድሜዋ 29 ሲሆን፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ በተከራየናት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሀገር ልብስ ስፌትና ጥልፍ ትሠራለች። ላለፉት አራት ዓመታት ከእምብርቷ በታች የሚጀምር፣ ወደ ወገቧ ዞሮ ቀኝ እግሯን የሚይዝ ከባድ ሕመም አለባት። በመጀመሪያ በወር ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ይመጣ ነበር፤ አሁን ግን የሚቆጠሩት ትቷት የሚውልባቸው ቀናት ናቸው። ሲብስባት ያስመልሳታል፣ ላብ ያጠምቃታል፤ መተኛትም መቀመጥም ስለማትችል ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ታነጋለች።

እኔ እዚያው አብሬያት ስለምሠራ፣ ሕመሙ መነሣቱን የማውቀው ከፊቷ ሳይሆን ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። መርገጫው ይቆማል። እሷም ክር በጥርሷ ነክሳ፣ ቀና ሳትል ትጠብቃለች፤ እኔም ጨርቅ የማጣጥፍ መስዬ በልቤ እቆጥራለሁ። አንዳንድ ጊዜ 40 ስደርስ፣ አንዳንድ ጊዜ 200 አልፌ መርገጫው ተመልሶ ይነሣል። ደንበኛ ቆሞ ከሆነ ግን አታቋርጥም፤ በአንድ እግሯ እየረገጠች ትጨርስለታለች። ዘንድሮ ለጥምቀት ከታዘዙን ቀሚሶች ሰባቱን ማድረስ ስላልቻልን ቀብዱን መልሰናል፤ በዓመቱ ውስጥ ዋናው ገቢያችን የዚያ ሰሞን ሥራ መሆኑን የጎንደር ሰው ያውቀዋል።

እስካሁን ሁለት የግል ክሊኒኮችና አንድ ሆስፒታል ሄደናል፤ ስማቸውን መጥቀስ አልፈልግም። የደም፣ የሽንትና የሰገራ ምርመራ ተደርጎላታል፤ አልትራሳውንድ ሦስት ጊዜ ታይታለች። መጀመሪያ «ጨጓራ ነው» ተባልን፤ ቀጥሎ «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው» ተብሎ ሁለት ዙር አንቲባዮቲክ ወሰደች፤ በመጨረሻ ሁሉም ንጹህ ነው ተባለ። የመጨረሻው ሐኪም ወረቀቶቹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «አግብተሻል?» ሲል ጠየቃት። አለማግባቷን ስትነግረው «ስትወልጂ ይተውሻል፤ ዝም ብለሽ አትጨነቂ» አላትና ቀጣዩን ተራ ጠራ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሐኪም ቤት የሚባል ነገር እንዲነሣባት አትፈልግም።

ቤት ውስጥ ደግሞ እናታችን ዓይነ ጥላ ነው ትላለች፤ አክስቴ ሥራ ጠልታ ነው ትላለች። እኔም ብሆን ንጹህ አይደለሁም። አንድ ሌሊት እንቅልፍ አሸንፎኝ «እስቲ ትንሽ ቻል አድርጊው» ብያታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሲያማት እንዳልሰማ ወደ ውጭ መውጣት ጀምራለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ረጋ ብላ «ምናልባት እውነትም ምንም የለብኝ ይሆናል፤ አእምሮዬ ይሆናል የሚፈጥረው» አለችኝ። ይህ ንግግሯ ሲያማት ከማየት የበለጠ አስፈራኝ።

ጥያቄዬ የበሽታውን ስም ንገሩኝ አይደለም። እንደገና ሐኪም ፊት ብንቀርብ እኔ ወንድሟ ምን ብናገር፣ ምንስ ባልናገር ይሻላል? ቤት ውስጥስ ሕመሙን መንቀል ባልችል እንኳ ከጎኗ መሆኔን የምታውቀው ምን ባደርግ ነው?

የደንቢያው (ቆላድባ)፦

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርልህ። የእኛም ጎረቤት ልክ እንደዚህ ስትሰቃይ ኖራ፣ አግብታ ሁለት ልጅ ከወለደች በኋላ ደኅና ሆናለች። ሐኪሙ የተናገረው ከልምድ ሊሆን ስለሚችል በጣም አትከፋበት፤ በእርግጥ አነጋገሩ ደግ አልነበረም።

ነርስ ነኝ (ማራኪ)፦

በሴቶች ሕክምና ክፍል ለ11 ዓመታት ሠርቻለሁ። አስቀድሜ ከላይ የጻፉትን ወንድም ላርም። ቅን አስበው እንደጻፉ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ጋብቻ የሕመም መድኃኒት ሆኖ አያውቅም። በእርግዝና ጊዜ ጋብ የሚል የሆድ ሕመም ቢኖርም፣ ከወሊድ በኋላ ተመልሶ የሚመጣባቸውን ብዙ እናቶች አስታምሜያለሁ። ለአንዲት በሕመም ላይ ላለች ሴት «አግቢ» ማለት ሕክምናውን ለማታውቀው ባል ማስተላለፍ ነው።

«ንጹህ ነው» የሚለው ቃል ቤተሰብ ጆሮ ሲደርስ «ውሸቷን ነው» የሚል ትርጉም እየያዘ ስላስቸገረን፣ ትርጉሙን ልግለጽ። የተፈለገው ነገር በዚያ መሣሪያ፣ በዚያ ቀን አልታየም ማለት ነው፤ ከዚህ አያልፍም። እርስዎ የጻፉትን ሳነብ ወደ አእምሮዬ ከመጡት አንዱ ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው ነው። የማኅፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማኅፀን ውጭ፣ በእንቁላል ማምረቻው፣ በአንጀት ወይም በሽንት ፊኛ ላይ ሲበቅል የሚመጣ ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ገደማ የሚሆኑትን እንደሚያጠቃ ይገልጻል፤ ብዙዎቹም ስሙን ለማወቅ ዓመታት ይፈጅባቸዋል፤ ምክንያቱም ተራ አልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ አያሳየውም። ይህን የምለው እህትዎ ይህ አለባት ለማለት አይደለም። የጀርባ አጥንት ሳንባ ነቀርሳም፣ የኩላሊት ጠጠርም፣ የነርቭ መጨቆንም ወገብና እግር ያማሉ፤ መለየት የሐኪሙ ሥራ ነው። ደግሞም ምክንያቱ እስከ መጨረሻው ላይገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜም ሕመሙ ሕመም ነው። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ባሻሻለው ትርጓሜ ላይ፣ አንድ ሰው አመመኝ ሲል ቃሉ ሊከበር እንደሚገባ በግልጽ አስፍሯል።

አሁን ወደ ሐኪሙ ክፍል እንግባ። እህትዎ ሐኪም ቤት የምትሄደው ፀጉሯን ተሠርታ፣ ንጹህ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ምናልባትም ቅባት ተቀብታ ነው ብዬ ብገምት የምሳሳት አይመስለኝም። «ምን ሆነሽ ነው?» ስትባልም አንገቷን ደፍታ «ትንሽ አመም ያደርገኛል» ትላለች። ያሳደጓት እንዲህ እንድትል ነው፤ ጨዋ ልጅ ሰው ፊት አታቃስትም። እኛ ባለሙያዎቹ ደግሞ በቀን የሚጠብቀን ሰው ብዙ ስለሆነ «ትንሽ» ያለችውን «ቀላል» ብለን እንጽፋለን፤ የተጻፈው ወረቀትም ወደ ሚቀጥለው ሐኪም ቀድሟት ይደርሳል። ስለዚህ የእርስዎ ሥራ ስለ እሷ መናገር ሳይሆን፣ እሷ «ትንሽ» ስትል ያዩትን መመስከር ነው። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋት ቆማ አድራለች፤ ሁለት ጊዜ አስመልሷታል፤ በዚህ ምክንያት ሰባት ቀሚስ ሳታደርስ ቀርታለች» ብለው በእርጋታ ይናገሩ። ሐኪም የሚጽፈው እንዲህ ያለውን ነው። የስፌት መኪናውንም ነገር ይንገሩት።

ከአሥር ስንት እንደሚያማት ስትጠየቅ የምትቸገር ከሆነ አይገርመኝም፤ ብዙ የሀገራችን ሰው ሕመሙን በቁጥር አይለካም። በቋንቋችን ግን ከቁጥር የበለጠ የሚናገሩ ቃላት አሉን። ቁርጠት ሌላ ነው፣ ውጋት ሌላ ነው። ይጠዘጥዘኛል ያለችና ያቃጥለኛል ያለች የተለያየ ነገር ነግረውናል፤ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል ያለች ደግሞ ነርቭን እንድናስብ አድርጋናለች። የሆዷ ምን እንደሚመስል፣ የእግሯ ምን እንደሚመስል ለየብቻ ትናገር፤ ሁሉንም «ያመኛል» በሚል አንድ ቃል አትጠቅልለው። አንድ ተራ ደብተር ገዝታችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የወር አበባዋ ስንተኛ ቀን እንደሆነ፣ ሽንትና ሰገራ ሲወጣ ይብስባት እንደሆነ፣ ምን ሥራ እንዳስቆማትና የወሰደችውን መድኃኒት ለሁለት ወር ያህል ብትመዘግቡ፣ ሐኪሙ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የአራት ዓመቱን ታሪክ ያያል። የቆዩትን ወረቀቶችም በቀን ቅደም ተከተል አስይዛችሁ ሂዱ። የጤና መድን ደብተር ካላችሁ ከጤና ጣቢያው ሪፈር ማጻፍን አትርሱ፤ እንዲሁ ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ።

ቢቻል የምታምናት አንዲት ሴት አብራት ትግባ። እርስዎ ከሆኑ የሚገቡት፣ የመሰከሩትን መስክረው ሲጨርሱ «ለጥቂት ደቂቃ ልውጣላችሁ» ብለው ይውጡ፤ ወንድሟ ፊት የማትመልሳቸው ጥያቄዎች አሉ። ከመውጣታችሁ በፊት ሐኪሙን በትሕትና «እስካሁን የትኛው በሽታ እንዳልሆነ ተረጋገጠ? ይህ ካልሠራ ቀጣዩስ ምንድን ነው? መቼ እንመለስ?» ብላችሁ ጠይቁት። የበሽታ ስም ይዞ ገብቶ ከሐኪም ጋር መከራከር ግን አይጠቅምም፤ እልህ ያጋባል እንጂ።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር ልጨምር። እህትዎ የምትጾም ከሆነ እስከ 9 ሰዓት በባዶ ሆዷ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እየዋጠች እንዳይሆን ይጠይቋት፤ እነዚህ ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ከዚያ እውነተኛ የጨጓራ ሕመም ይጨመርባትና «አላልንም ጨጓራ ነው?» ይባላል። ፓራሲታሞልም ቢሆን ባለ 500 ሚሊግራሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ሊያልፍ አይገባም። ለድብርትም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ቢታዘዝላት ደግሞ «የአእምሮ በሽተኛ ነሽ አሉኝ» ብላ እንዳትጥለው፤ በትንሽ መጠን ሲሰጥ ለነርቭ ሕመምና ለእንቅልፍ የምንጠቀምበት ነው። ሽንት ከከለከላት ወይም ካመለጣት፣ እግሯ ከደነዘዘ ወይም ከሰነፈ፣ ሕመሙ ከትኩሳት ጋር ከመጣ ወይም ራሷን ከሳተች ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።

ሰባተኛ ዓመቴ ነው (ፒያሳ)፦

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እህትህ ባለችበት ቦታ የነበርኩና አሁንም በከፊል ያለሁ ሴት ነኝ። ለሁለተኛው ጥያቄህ የምመልሰው ስላለኝ ነው የጻፍኩት።

ጠዋት ጠዋት «ተሻለሽ?» አትበላት። በፍቅር እንደምትጠይቃት አውቃለሁ፤ ባለቤቴም ለሦስት ዓመታት በየጠዋቱ እንዲሁ ይጠይቀኝ ነበር። ግን አስበው፤ «አልተሻለኝም» ካልኩት ቀኑን ሙሉ ፊቱ ይጠቁራል፤ ስለዚህ «እግዚአብሔር ይመስገን ተሻለኝ» እለዋለሁ። ማታ ደግሞ ሲያመኝ «ጠዋት ተሽሎሽ አልነበር?» ይለኛል። እንዲህ በገዛ ቃሌ ውሸታም ሆንኩ። በመጨረሻ አንድ ቀን አልቅሼ ስነግረው፣ ጥያቄውን ትቶ «ዛሬ ምን ልያዝልሽ?» ማለት ጀመረ። አንዳንድ ቀን እንስራውን ይይዝልኛል፣ አንዳንድ ቀን ልጁን፣ አንዳንድ ቀን ምንም። ለዚህ ጥያቄ መዋሸት አያስፈልገኝም።

ሌሊት ወደ ውጭ የምትወጣው ስለ አንተ እንቅልፍ ስትል ነው። «ቻል አድርጊው» ማለትህን አልረሳችውም፤ አንተም እንዳልረሳህ ንገራት። ይቅርታውን በቀን፣ ሕመሙ ጋብ ባለበት ሰዓት ጠይቃት፤ ከዚያ ሌሊት ስትነሣ አንተም ተነሣና ምንም ሳትናገር ተቀመጥ። ለእኔ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውኃ ሞልቶ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ሆዴ ላይ ማድረግ ይረዳኛል፤ እሱን አዘጋጅላት። ወሬ ግን ይደክመኛል።

ሌላው ለቅሶና ማኅበር ነው። በእኛ ሀገር ሴት ለቅሶ ቤት ሄዳ ካልሠራች ትታማለች፤ ሠርታ ከተመለሰች ደግሞ «ይኸው ስትሠራ ዋለች፣ የታለ ሕመሙ?» ትባላለች። እኔ አንድ ቀን ሙሉ ወጥ ሳማስል ውዬ ሁለት ቀን ተኝቻለሁ፤ የዋልኩበትን ያየ እንጂ የተኛሁበትን ያየ የለም። አክስትህ «ሥራ ጠልታ ነው» ስትል ያንን የተኛችበትን ቀን የምትነግራት አንተ መሆን አለብህ። ራሷ ከተናገረች ማስመሰል ይሆንባታል።

እኔን በመጨረሻ ያየችኝ ሐኪም ያዘዘችልኝ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ነበር፤ የወር አበባውን በማስተኛት ሕመሙን ይቀንሳል ብላ አስረዳችኝ፤ እውነትም ከግማሽ በላይ ቀንሶልኛል። ያኔ ገና ሳላገባ ስለነበር እናቴ ማሸጊያውን ከትራሴ ሥር አግኝታ ለአንድ ወር አላናገረችኝም። እህትህ እንዲህ ያለ ነገር ቢታዘዝላት እናትህ ከማሸጊያው ላይ ከማንበቧ በፊት ከአፋችሁ ትስማው።

የቀድሞ መምህር (አራዳ)፦

ልጄ፣ በእናትህ አትፍረድ። ልጇ እየተሰቃየች ሐኪም «ምንም የለባትም» ካላት፣ ሕመሙን አምና የምትይዝበት ስም የቀራት ዓይነ ጥላ የሚለው ብቻ ነው፤ ከአክስትህ ይልቅ እናትህ ሕመሙ እውነት መሆኑን አምናለች። ይህን ይዘህ ተነሣ። ጠበሉንም አትከልክላት፤ መድኃኒቱን አቋርጪ የሚል ሰው እንዳይመጣባት ብቻ ጠብቅ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ እንዲወስዱ በይፋ አስተምረው እንደነበር እናስታውሳለን። የንስሐ አባታችሁን ቤት ጥራና ቡና ይጠጡ፤ የልጅቱንም ነገር ከአንተ አፍ ይስሙ። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚላላ እሳቸው አንድ ጊዜ ቢናገሩ፣ ነርሷ በባዶ ሆድ ስለሚዋጠው መድኃኒት የጻፈችው ነገር ያለ ክርክር ያልቃል።

ታናሽ ወንድም (አዘዞ)፦

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዘግይቼ የመለስኩት አንዳንዱን ሞክሬ ልጻፍ ብዬ ነው።

ዳይክሎፌናኩን ጠየቅኋት፤ እውነት ነው፣ ረቡዕና ዓርብ በባዶ ሆዷ ስትወስድ ኖራለች። የንስሐ አባታችን እሑድ መጥተው ነበር። እናቴ ፊት «የታመመ ሰው በልቶ መድኃኒቱን ይውሰድ፤ እኔ ነኝ የፈታኋት» አሏትና ነገሩ በዚያው ተዘጋ፤ እናቴ ራሷ አሁን ጠዋት ጠዋት አጥሚት ታቀርብላታለች። አክስቴ ግን አሁንም ያው ናት፤ የተኛችበትን ቀን ብነግራትም «እኛም ወገባችንን እያመመን ነው የኖርነው» አለችኝ። ምናልባት እሷንም ያዳመጣት ሰው ኖሮ አያውቅ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

ይቅርታውን የጠየቅኋት ሱቅ ውስጥ ነው። ቀና ሳትል «ረስቼዋለሁ» አለች፤ እንዳልረሳችው ግን ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ሐኪም ቤቱን ገና እሺ አላለችም። ከቅዳሜ ገበያ እስከ አዘዞ ባለው መንገድ ባጃጁ ሲንገጫገጭ የወንበሩን ብረት ጨብጣ ትንፋሿን ስትይዝ እያየሁ፣ አሁኑኑ ላዙርሽ ማለት ያምረኛል፤ ግን አልጎትታትም።

ደብተሩን ገዝቼ የመጀመሪያውን ሌሊት ራሴ ጻፍኩ። ሰዓቱን፣ ቆማ ያደረችበትን ጊዜ፣ «ሁለት ጊዜ አስመለሳት» የሚለውን ሁሉ አስፍሬ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተውኩት። ማታ ሱቅ ስንዘጋ ከፍቼ ሳየው፣ ጥልፍ ንድፍ በምታወጣበት ቀይ እስክሪብቶ «ሁለት» የሚለውን ሰርዛ «ሦስት» ብላለች፤ ከሥሩም በራሷ ጽሕፈት «እግሬን ይነዝረኛል፣ ሆዴን ግን ይቆርጠኛል» ብላ ጨምራበታለች።